ማዲያት አያቃጥልም፦ በጥቁር ቆዳ ላይ ስለሚደበቀው ሮዜሺያ



ኢንቦክሴ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ማዲያቴ ያቃጥለኛል፤ ምን ልቀባ?» ከጥያቄው ጋር የፊት ፎቶ ይላካል። ጉንጭ ላይ ጠቆር ያለ ነገር፣ አንዳንዴም ጥቃቅን ብጉር የሚመስሉ ነገሮች ይታያሉ። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ምክንያቱም ፍንጩ ጥያቄው ውስጥ ነው ያለው። ማዲያት የቀለም ለውጥ ነው። አያቃጥልም፣ አይግልም፣ አይወጋም። ፊታችሁ ላይ ያለው ጥቁረት የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ወይ ከማዲያቱ ጋር ሌላ ነገር አለ፣ ወይ ከመጀመሪያውም ማዲያት አይደለም፣ ወይ ደግሞ የምትቀቡት ክሬም ቆዳችሁን እየጎዳው ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም አለ። አማርኛ ስም የለውም። ስም ስለሌለው ብዙ ሰው በሌላ ስም ይዞት ይኖራል፤ ማዲያት ነው፣ ብጉር ነው፣ አለርጂ ነው፣ ምች መትቶኝ ነው እያለ። እኔም የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ስላይድ ላይ ያየሁት የሮዜሺያ ፊት ሁሉ የነጭ ፊት ነበር፤ ጉንጩ እንደ ቲማቲም የቀላ። አውሮፓ ውስጥ «የኬልቶች እርግማን» ሲሉት ኖረዋል፤ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች በሽታ ነው ለማለት። ታድያ እኛ ጋ ማን ይፈልገዋል?

ሕመሙን በቅርብ ያየሁት አፋር ውስጥ ስሠራ ነው። የጅቡቲን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ናችሁ። ገዋኔንና ሚሌን አልፋችሁ ሎጊያና ሰመራ ስትደርሱ ከ400 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላችሁ ነው ያላችሁት። በሞቃቱ ወራት ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለውን ባልናገር ይሻላል (ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ባህላዊ ቤት ለዚህ አየር ከእኛ ቆርቆሮ እጅግ ይሻላል፤ ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ላቤ ነው)። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የተደበቀ ሮዜሺያ ተደብቆ አይቆይም። ሙቀቱ ያወጣዋል።

ሎጊያ ውስጥ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እህት ነበረች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። የመጣችው ለራሷ አልነበረም፣ ልጇ አተኩሶት ነው። የልጁ የወባ ምርመራ እስኪደርስ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ቀዝቃዛ የሃይላንድ ውሃ ይዛ አንዴ ቀኝ ጉንጯ ላይ፣ አንዴ ግራ ጉንጯ ላይ ትደግፋለች። ላብ ለማቀዝቀዝ ቢሆን ግንባርና አንገት ላይ ይደረጋል። እሷ ግን ሁለቱን ጉንጭ ብቻ።

«እህቴ፣ ፊትሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ማዲያት ነው ዶክተር፤ ቆይቷል።»

«ያቃጥልሻል?»

«ኧረ እንደ እሳት ነው! በተለይ ከሰሉ ላይ ሳጎነብስ። ሚጥሚጣ የበላሁ ቀን ደግሞ አይነሳ።»

አስተውሉ፤ ከሰልና ሚጥሚጣ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ቆዳችን ውስጥ ባሉ የስሜት ነርቮች ላይ ትሪፕ-ቪ-1 የሚባል መቀበያ ይገኛል። ይህ መቀበያ በ43 ዲግሪ ገደማ ባለ ሙቀት ይነቃል። የበርበሬና የሚጥሚጣ ማቃጠያ የሆነው ካፕሳይሲንም ያንኑ መቀበያ ነው የሚቀሰቅሰው። በርበሬ «ያቃጥላል» የምንለው ለዘይቤ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ለነርቩ እሳትና ሚጥሚጣ አንድ ናቸው። መቀበያውን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያወጣው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ሲሆን፣ ሰውየው በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሮዜሺያ ባለበት ቆዳ ላይ እነዚህ መቀበያዎች በዝተው ታይተዋል። ነርቩ ሲነቃ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ፊት ደም ይሞላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። በዚህ ላይ የቆዳው የራሱ መከላከያ ከልክ በላይ ይቆጣል፤ በሁላችንም ፊት ላይ የሚኖሩ ዴሞዴክስ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮችም ሮዜሺያ ባለባቸው ሰዎች ላይ በዝተው ይገኛሉ። ስለዚህ ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ «ደምሽ ቆሽሾ ነው» የሚሉትም ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። በነጭ ቆዳ ላይ ሮዜሺያ ቀይ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ከሜላኒን ሥር ይደበቃል። የሚታየው ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ቀለም ነው፤ አንዳንዴ ምንም አይታይም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2010 በተሰበሰበ የሐኪም ቤት መረጃ፣ ሮዜሺያ አለባችሁ ከተባሉት ውስጥ ጥቁሮች 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እውነት ነው፣ ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል። ነገር ግን የቁጥሩ ማነስ የሕመሙ ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሐኪሙ ቀይ ነገር እየፈለገ ታማሚው የሚነግረውን ካልሰማ፣ ሊያገኘው አይችልም። የደቡብ አፍሪካ የቆዳ ሐኪሞችም በ2017 (እ.ኤ.አ.) በጣም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ያዩትን ሮዜሺያ ጽፈው አውጥተዋል። አለ ማለት ነው።

እንዴት ነው ታድያ የምንለየው? የደም ምርመራ የለውም፤ አልትራሳውንድም፣ «ፉል ቼክአፕ»ም አያሳየውም። የሚለየው በጥያቄና በዓይን በእጅ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ የቆዳ ሐኪሞች ተስማምተው ያወጡት መስፈርት እንዲህ ይላል፦ በፊት መሐል፣ ማለትም ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ አገጭና ግንባር ላይ የማይለቅና አልፎ አልፎ የሚብስ ቅላት ካለ፣ ወይም የአፍንጫ ቆዳ ወፍሮ ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ፣ አንዱ ብቻውን ይበቃል። እነዚህ ከሌሉ ቶሎ ቶሎ ፊት መጋል፣ ብጉር መሳይ ሽፍታ፣ ፊት ላይ የሚታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች እና የዓይን ምልክቶች ይታያሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ሮዜሺያ ነው ለማለት ያስደፍራል።

በእኛ ቆዳ ላይ እኔ የማደርገው ይህ ነው። በሽተኛዋን ወደ መስኮት አቀርባለሁ፤ የክሊኒክ አምፖል አያሳይም። የጉንጯን ቀለም ከጆሮዋ ኋላ ካለው ቆዳ ጋር አስተያያለሁ። በእጄ ጀርባ ጉንጭና አንገቷን እነካለሁ፣ ጉንጩ ይሞቃል ወይ ብዬ። የላቦራቶሪ መስታወት ወስጄ ጉንጯን ጫን አደርጋለሁ፤ ቀለሙ የደም ከሆነ ሲጫኑት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የማዲያት ቀለም ግን ከመስታወቱ ሥርም እዚያው ነው። ከዚያ ብጉሮቹን አያለሁ። እውነተኛ ብጉር ያለበት ፊት ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሚመስሉ የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሮዜሺያ ብቻ ከሆነ እነሱ የሉም። ዕድሜም ይረዳል። በ17 ዓመት የጀመረ ብጉር ሌላ ነው፤ በ35 ዓመት «እንደ አዲስ ብጉር ያዘኝ» ከተባለ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ስልክ የምትጠቀሙ ሁላችሁ አንድ ነገር እርዱኝ። ፊታችሁ የጋለ ሰዓት ፎቶ አንሱና ያዙ፤ ክሊኒክ ስትደርሱ በርዶ ሊጠብቀን ይችላልና። የስልካችሁን ማሳመሪያ ፊልተር ግን አጥፉት። ፊልተሩ መጀመሪያ የሚያጠፋው እኔ የምፈልገውን ነገር ነው። ከኋላ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቢኖር ደግሞ ቅላቱ በጥቁር ቆዳ ላይም ጎልቶ ይወጣል።

የሎጊያዋ እህት ጉንጭ ከመስታወቱ ሥር ፈዘዘ። ይሞቃልም። ግን ገና አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ «ምን ትቀቢያለሽ?» ከቦርሳዋ ስም የሌለው ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ኮስሞቲክስ ቤት «ተደባልቆ» የተሸጠላት ክሬም ነው። ሁለት ዓመት ተቀብታዋለች። መጀመሪያ ሳምንት ፊቷ እንደ መስታወት ጠራ። ጎረቤቶቿም ከየት ነው ያገኘሽው አሏት፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ እንደሚለዋወጡበት እንደ ዳጉ የክሬሙ ዜና ሰፈሩን አዳረሰ። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ሳትቀባ ከዋለች ፊቷ ይነዳል። ስለዚህ ትቀባለች። ስትቀባ ይበርዳል። በማግሥቱም እንደዚያው።

ይህ ታሪክ ሲነገረኝ ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ ለመገመት ላቦራቶሪ አያስፈልገኝም። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፤ ጠንካራ ስቴሮይድ ማለት ነው። እነዚህ ለትክክለኛው ሕመም፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ለአጭር ጊዜ ሲታዘዙ ድንቅ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮቹን ያወጣሉ፣ ሽፍታ ያመጣሉ፤ ሮዜሺያ ያልነበረበትን ሰው ራሱን የቻለ የስቴሮይድ ሮዜሺያ ይሰጡታል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያስከትሉ ይችላሉ። የሚያሳዝነው፣ ማቃጠሉን ለጊዜው የሚያበርደው መድኃኒት ራሱ አቃጣዩ መሆኑ ነው። «ስተወው ይብሳል፣ ስለዚህ ይረዳኛል» ብሎ ማሰብ የዋህነት አይደለም፤ ማንም እንደዚያ ያስባል።

መተው ግን አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ክሬሙ በቆመ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ፊት ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣበታል። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ሐኪሙ ፊቴን አበላሸው» ብሎ ወደ ክሬሙ ይመለሳል። አንዳንዱን ሰው ሐኪም ቀስ በቀስ ደካማ ወደሆነ ስቴሮይድ አሸጋግሮ ያስተወዋል። አንዳንዱን ደግሞ በአንዴ አስትቶ በሌላ መድኃኒት ይደግፈዋል። የትኛው ይሻላል የሚለው በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል መጠን እንደተቀባ ይወሰናል፤ ስለዚህ ብቻችሁን አታድርጉት።

ለእሷም ነገርኳት፤ «የሚመጡት ሁለት ሦስት ሳምንታት ከአሁኑ የባሱ ናቸው። ከዚያ ይሻልሻል። ያን ጊዜ እንዳትቀሪብኝ።» በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ፊቷ አብጦ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ከሰል አጠገብ መቆም ስላልቻለች ቡናውን እህቷ ነበር የምታፈላው፤ ደንበኛ ቀንሶባታል፣ ባሏም «ደህና የነበረ ፊት» እያለ ይጨቀጭቃታል። ተቀምጠን አወራን። ባልየውንም በስልክ አነጋገርኩት። በአሥረኛው ሳምንት ገደማ የሃይላንድ ውሃውን ለመጠጣት ብቻ ነበር የያዘችው። ጥቁረቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ከቁጣው የተረፈ ቀለም በእኛ ቆዳ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ። ማቃጠሉ ግን ቆሟል።

ስለ መድኃኒቶቹ ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው ሐኪማችሁ ሲያዝላችሁ ለምን እንደሆነ እንድታውቁ ነው፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ ራሳችሁ እንድትገዙ አይደለም።

የሚቀባ ሜትሮኒዳዞል፣ 0.75 ፐርሰንት ጄል ወይም ክሬም፣ የቆየና የተመሰከረለት ነው። ብዙ ሰው ሜትሮኒዳዞልን የሚያውቀው በአሜባ ክኒንነቱ ነው፤ ለፊት የሚሆነው ግን የሚቀባው ነው። አዜላይክ አሲድ 15 ፐርሰንት ለእኛ ቆዳ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ሽፍታውን እያበረደ የተረፈውን ጥቁረትም ያፈካል። መጀመሪያ ላይ ቆንጠጥ ማድረጉ የታወቀ ነው። አይቨርሜክቲን 1 ፐርሰንት ክሬም እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው አሜሪካ ውስጥ ለሮዜሺያ የተፈቀደው፤ ዴሞዴክሶቹንም ቁጣውንም ይቀንሳል። ሦስቱም በየፋርማሲው ሁልጊዜ አይገኙም፤ ሐኪሙ የሚገኘውን አይቶ ይመርጣል። ሁሉም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። በአምስት ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት።

አይቨርሜክቲን ካልኩ አይቀር፣ አፋር ውስጥ ስለሠራሁ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ለግመልና ለፍየል የሚወጋው አይቨርሜክቲን በየቤቱ አለ። ስሙ አንድ ነው። ዝግጅቱና መጠኑ ግን ለእንስሳ ነው። ፊታችሁ ላይ አትቀቡት፣ አትጠጡት፣ አትወጉት። የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው።

ብጉር መሳዩ ሽፍታ ከበዛ ወይም ዓይን ከተነካ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ይጨመራል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፤ በብዛት የምናገኘው 100 ሚሊ ግራሙን ነው። በቆላ ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቆዳን ለጸሐይ ያጋልጣል፤ ሰመራ ላይ ዶክሲሳይክሊን እየዋጡ ያለ ጥላ መሄድ ቆዳን ማቃጠል ነው። ሁለተኛ፣ ከወተትና ከደም ማነስ የብረት ክኒን ጋር አብሮ ከተወሰደ ወደ ሰውነት የሚገባው ይቀንሳል፤ የግመል ወተቱን ከመድኃኒቱ በጥቂት ሰዓታት አራርቁት። ሦስተኛ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትተኙ፤ ጉሮሮ ላይ ከቆመ ያቆስላል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለዚህ ሕመም አንሰጠውም። ስለዚህ እህቶቼ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ መጀመሪያ ተናገሩ።

ስለ ዓይን ያነሳሁት ሲበዛ ቸል ስለሚባል ነው። የሮዜሺያ ዓይን «አሸዋ የገባበት ይመስለኛል» ያሰኛል። ሰመራ ላይ ደግሞ አሸዋ እውነትም ይገባል! ልዩነቱ፣ ንፋስ በሌለበት ቀን፣ ቤት ውስጥም፣ ጠዋት ስትነሱም መቆርቆሩ ነው። የዓይን ቆብ ጠርዝ ይቆጣል፣ እዚያው ላይ እብጠት እየተመላለሰ ይወጣል፣ ዓይን ይደርቃል ወይም ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ለብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ቆቡን መያዝና በቀስታ ማጽዳት ይረዳል። ሕመም ካለው፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዓይኑ መስታወት ሊቆስል ይችላል። የዚያኑ ቀን የዓይን ሐኪም ይያችሁ።

አዋሽ ላይ ያገኘኋቸው አንድ የከባድ መኪና ሹፌርም የመጡት ለዓይናቸው ነበር። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ የጅቡቲን መስመር ለብዙ ዓመታት የተመላለሱበት። እኔ ግን ከዓይናቸው በፊት ያየሁት አፍንጫቸውን ነው። ወፍሯል፣ ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ አፍንጫዎትስ?» ስላቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። በሕይወቴ አንዲት ብርጭቆ አልቀመስኩም። ሰው ግን ያየኛል፣ ይሳሳቃል። ለልጄ ሽማግሌ ሲመጣ እንኳ ሰውየው ድብቅ ጠጪ ነው ተብሎ ተጠይቋል» አሉኝ።

ይህ የአፍንጫ መወፈር ከሮዜሺያ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። አልኮል ፊትን ሊያግል መቻሉ እውነት ነው። የአፍንጫው መወፈር ግን የመጠጥ ማስረጃ አይደለም፤ ጠጥተው የማያውቁ ሰዎችም ይይዛቸዋል። ገና ቁጣ ላይ እያለ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይገታል። ወፍሮ ከደነደነ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌዘር ይስተካከላል፤ ያ የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ለጋሼ የዓይናቸውን ሕክምና ጀምረን ለአፍንጫው ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት ጻፍኩላቸው። ሌላም ወረቀት ለመኑኝ። «ሕመም መሆኑን በማኅተም ጻፍልኝ» አሉ። ጻፍኩላቸው። የት እንዳሳዩት አልጠየቅኩም።

በነገራችን ላይ ሹፌሮች ላይ ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። በመስኮት በኩል የሚገባ ጸሐይ የግራ ጉንጭን ብቻ ለዓመታት ይመታል፤ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ጨረር የጎን መስታወትን ያልፋል። የግራው ብቻ ከጠቆረና ከተጨማደደ የጸሐይ ጉዳት ነው ብለን እናስባለን። ሮዜሺያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጉንጭ ይይዛል።

በዚህ አካባቢ ከሮዜሺያ ጋር የሚምታቱ፣ ግን ፈጽሞ ሌላ ሕክምና የሚፈልጉ ሕመሞችም አሉ። አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ወጥቶ፣ ሳያም ቀስ እያለ የሚሰፋ እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭርን የደጋ ሕመም አድርገን ነው የምናውቀው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የአዋሽ ሸለቆ የአሸዋ ዝንቦች የሚያስተላልፉትን ሊሽማንያ ተሸክመው አግኝቷቸዋል። ስሜት የጠፋበት፣ ፈዘዝ ያለ ጠባሳ መሳይ ነገር ደግሞ ሥጋ ደዌን ያስጠረጥራል። ሮዜሺያ ስሜትን ያበዛል፤ ያኛው ያጠፋል። ሉፐስም እንዲሁ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ ካለ ንገሩን። ምች ብላችሁ ዳማከሴ አሽታችሁ ፊት ላይ የምታሹ ደግሞ፣ የሚያቃጥል ቆዳ ላይ ምንም ቅጠል አይታሽ። ሎሚም አይቀባ፤ ሎሚ ተቀብቶ ጸሐይ ላይ መውጣት ቆዳን በኬሚካል ማቃጠል ነው፣ ቲክቶክ ምንም ቢል።

የየቀኑን በተመለከተ፣ ከሁሉም በፊት ጥላ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጪ ሥራ ካላችሁ ሰፊ ኮፍያ፣ ጃንጥላ፣ ሻሽ ይሁን። ሰንስክሪን ጥሩ ነው፤ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል። ነጭ ዱቄት የነፋ እንዳያስመስላችሁ የቆዳ ቀለም ያለውን ፈልጉ። ግን ልንገራችሁ፣ ሰመራ ላይ ላብ በአንድ ሰዓት ያወርደዋል፤ ብር ከሌላችሁ ኮፍያው ይቅደም። ፊት በቀዝቃዛ ውሃና ሽቶ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ በልብስ ሳሙና አይሁን፣ አይፈተግ። በረዶ በቀጥታ አትያዙበት። እንጀራ ስትጋግሩ ፊታችሁን ከምጣዱ ትነት ዞር አድርጉ፤ አክንባሎውን ስታነሱ በተለይ።

ቡና? ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ተከልክላችሁ አልተከለከላችሁም። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ቀላል ሙከራ ትኩስ ቡናና ትኩስ ውሃ ፊትን እኩል እንደሚያግሉ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቡና ግን እንደማያግል አሳይቷል። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው። ከ82,000 በላይ ሴቶችን ያካተተና በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ካፌይን ያለበት ቡና አዘውታሪዎች ሮዜሺያ የሚይዛቸው ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህ «ቡና ይከላከላል» አያሰኝም፤ ግን ቡናችሁን እንድትተዉ የሚያደርግ ነገር የለም። አቦሉን ትንሽ አብርዳችሁ ጠጡ። ሚጥሚጣውን ለሁለት ሳምንት ትታችሁ ለውጥ ካለ እዩ፤ ካልለወጠ ተመለሱበት፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር አይቀሰቀስም።

ይድናል ወይ ለምትሉ፣ ሮዜሺያ እንደ ወባ መድኃኒት ወስደው የሚገላገሉት ዓይነት አይደለም። ይበርዳል፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ይጠፋል፣ ከዚያ በአንድ ክፉ ሙቀት ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ግን ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ሳይሆን ወደተረፈው ጄላችሁ ትሄዳላችሁ።

ከአዋሽ የምትነሱ አዲስ አበባ አለርት፣ ከሰመራ የምትነሱ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አላቸው። ከዚያ በፊት ግን አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይያችሁ፤ አብዛኛው እዚያው ይጀመራል። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ ስም የሌለውንም ዕቃ፣ ያለቀውንም ቱቦ። ያለ ፊልተር ያነሳችሁትን ፎቶም አትርሱ። ኮሜንት ላይ ግን የፊታችሁን ፎቶ አትለጥፉ፤ ጥያቄ ካላችሁ በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ዓይናችሁ ይቆረቁር እንደሆነና ምን ስትቀቡ እንደቆያችሁ አብራችሁ ጻፉ።